የሻይ ቅጠላ ቅጠሎቻችን፦ ጥቅማቸውና ድንበራቸው



ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ስሟን ከሸዋ ሮቢት ጋር የምትጋራ አንዲት የራያ ቆላ ከተማ አለች። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተምዕራብ የሰሜን ወሎ ደጋ ግራና ቀኝ ቆመው ይጠብቋታል። ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥል የዋለው ቆላ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ቀዝቀዝ ማለት ሲጀምር፣ በሮቢትና በአካባቢዋ በየቤቱ በራዱ እሳት ላይ ይጣዳል። ቤተሰብ ይሰበሰባል፤ ጎረቤት ይጠራል። ከሻዩ ጋር ዝንጅብሉ፣ ቅርንፉዱ፣ ጦስኙ እንደየቤቱ ልማድና እንደየኪሱ አቅም ይጨመራል።

ያችው በራድ ግን ሌላም ጊዜ ትጣዳለች። ልጅ ትኩሳት ሲይዘው፣ ሆድ ሲነፋ፣ ጉንፋን ሲበረታ፣ ነፍሰ ጡር ሲያቅለሸልሻት «እስኪ ትንሽ ቅጠል አፍይላት» ይባላል። እዚህ ላይ ሻይ መጠጥ መሆኑ ቀርቶ መድኃኒት ይሆናል። ታዲያ እነዚህ ቅጠላ ቅጠሎች በእርግጥ ምን ይጠቅማሉ? ጥቅማቸውስ የት ላይ ያበቃል? በተለይ እንደ ሮቢት ባለ የወባ አገር ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ጥያቄ የሕይወት ጥያቄ ስለሆነ፣ በዛሬው ጽሑፋችን በዝርዝር ልንመለከተው ወደድን።

ሻይና የቅጠል ሻይ

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ሻይ የሚባለው ተክል መነሻው ከወደ ቻይና ሲሆን፣ በአገራችንም በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ፣ በጉማሮና በውሽውሽ እርሻዎች ይመረታል። በውስጡ ካፌይን ስላለው ያነቃቃል። ከዝንጅብል፣ ከጦስኝ፣ ከናና ወይም ከጠጅ ሳር ብቻ የሚፈላው ደግሞ በልማድ ሻይ ይባል እንጂ የሻይ ቅጠል የለበትም፤ ካፌይንም የለውም። ስለዚህ ማታ እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሰው ከዒሻ በኋላ ከቀይ ሻይ ይልቅ የቅጠል ሻይ ቢጠጣ ይሻለዋል።

የሁለቱም የመጀመሪያ ጥቅም ግን ከቅጠሉ በፊት ውሃው ነው። የፈላ ውሃ ለሆድ ሕመም መነሻ የሚሆኑ ብዙ ተሕዋስያንን ይገድላል። በቆላ ሙቀት ቀኑን ሙሉ በላብ የወጣውን ውሃ መተካትም ራሱን የቻለ ጤና ነው።

በየቤታችን ያሉት

ዝንጅብል። ገበያችን የሚደርሰው ዝንጅብል አብዛኛው ከደቡብ፣ ከወላይታና ከከምባታ አካባቢ የሚመጣ ነው። በቁርኣን በሱረቱል ኢንሳን ቁጥር 17 ላይ የጀነት ሰዎች ከሚጠጡት መጠጥ ጋር ስሙ ተነሥቷል። ዝንጅብል ማቅለሽለሽን እንደሚያስታግስ በሰዎች ላይ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ደግፈውታል፤ በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ለሚያቅለሸልሻት እናትም በመጠኑ ቢሆን ይረዳል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን አብዝቶ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ጦስኝ። ይህ የደጋ ልጅ ነው። በአገራችን ከፍተኛ ቦታዎች ላይ መሬት ለመሬት ተነጥፎ የሚበቅለው ጦስኝ ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ ዝርያ ነው። በመሆኑም ቆላማዋ ሮቢት ጦስኝን የምታገኘው ደገኞች ደርቆ ለገበያ ሲያወርዱላት ነው። ያን ደስ የሚል ሽታ የሚሰጡት ቲሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ዘይቶች በላቦራቶሪ ሲፈተኑ ተሕዋስያንን የመግታት ኃይል አሳይተዋል። ለሳልና ለጉሮሮ መከርከር ሞቅ ያለ የጦስኝ ሻይ ዕረፍት ይሰጣል። ይሁንና በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ የታየ ኃይልና አንድ ብርጭቆ ሻይ በሰው ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ የተለያዩ ናቸው።

ጤና አዳም። በቡና ስኒ ላይ ዘለላው ጣል ሲደረግ ያለውን መዓዛ የማያውቅ ማን አለ? ለሆድ ቁርጠትም በሻይ ይጠጣል። ነገር ግን ጤና አዳም ስሙ እንደሚለው ሁልጊዜ ጤና ብቻ አይደለም። በብዛት ሲወሰድ ማሕፀንን ሊያነቃቃ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል። ጭማቂው ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘውም ቆዳን የሚያቆስልበት ጊዜ አለ።

ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል። ሦስቱ የሻይ ቅመም ጓደኞች ናቸው። የቅርንፉድ ዘይት ዩጂኖል ይባላል፤ የጥርስ ሕመምን ለጊዜው ያደነዝዛል። ሄል መዓዛው ደስ ያሰኛል፤ ከምግብ በኋላም ሆድን ቀለል ያደርጋል ተብሎ ይወደዳል። በብዛት ለገበያ የሚቀርበው የቀረፋ ዓይነት ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው በየቀኑ በማንኪያ እየተለካ ቢወሰድ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ለሻይ የምትገባው አንዲት ቁራጭ ግን አታስጨንቅም።

ናናና ጠጅ ሳር። ሁለቱም በጓሮ በቀላሉ ይበቅላሉ። ናና የሆድ መነፋትን ያቀላል፤ ቃር የሚያስቸግረው ሰው ግን ሊብስበት ይችላል። ጠጅ ሳር የሎሚ መዓዛ ስላለው ያለ ስኳርም ይጠጣል። ትልቁ ጥቅሙም ምናልባት ይኸው ነው።

ከርከዴ። ቀይ አበባው በሙቅም በቀዝቃዛም ይጠጣል። የደም ግፊትን በመጠኑ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። ይህ ማለት ግን የግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው ክኒኑን ትቶ ከርከዴ ይጠጣ ማለት አይደለም።

ጥቁር አዝሙድ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ጥቁር አዝሙድ ፈውስነት የተናገሩት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ብዙ ዑለማዎችም ሐዲሡን ሲያብራሩ ፈውሱ የሚገኘው እንደ በሽታው ዓይነት፣ እንደ መጠኑና እንደ አወሳሰዱ መሆኑን ጠቁመዋል። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጥቁር አዝሙድን አብዝቶ ቢጨምርበት ስኳሩ ወይም ግፊቱ ከሚገባው በታች ሊወርድ ስለሚችል ለሐኪሙ መንገሩ ተገቢ ነው።

ዳማ ከሴ። ይህን ለብቻው እንመለስበታለን።

አፈላሉ

የቅጠሎቹ መዓዛም ሆነ ጥቅም ያለው በቀላሉ በሚተንኑ ዘይቶች ውስጥ ነው። በራዱን ከፍቶ ለረጅም ሰዓት ማንተክተክ ቤቱን ያውደዋል እንጂ ሻዩን አያበረታውም። ስለዚህ እንደ ጦስኝ፣ ናናና ጠጅ ሳር ያሉ ቅጠሎችን ውሃው ከፈላ በኋላ ጨምሮ፣ ከድኖ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ማቆየት በቂ ነው። ዝንጅብል፣ ቀረፋና ሌሎች ሥርና ልጣጭ የሆኑት ደግሞ አብረው ቢፈሉ ይሻላል።

ቅጠሉን አስቀድሞ በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ፀረ ተባይ ከሚረጭበት የመስኖ ማሳ ዳርና መኪና ከሚበዛበት የመንገድ ጠርዝ ቅጠል አይለቀም። የማያውቁትን ቅጠል «ይመስለኛል» ብሎ ማፍላትም ነውር ብቻ ሳይሆን አደጋ ነው። በየደጁ የሚበቅለው አስተናግር መርዛማ መሆኑን ልጆች ከልጅነታቸው ሊያውቁት ይገባል።

ሻዩ ከእሳት እንደወረደ አይጠጣ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ መጠጥ ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል አስታውቋል። ትንሽ ዕረፍት ስጡት።

ስኳሩና ሰዓቱ

ውድ እናቶች፣ ውድ እኅቶች፤ ብዙ ጊዜ ሻያችንን የሚያበላሸው ቅጠሉ ሳይሆን ስኳሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚወስደው ተጨማሪ ስኳር ወደ 25 ግራም ግድም፣ ማለትም ወደ 6 የሻይ ማንኪያ ዝቅ ቢል የተሻለ መሆኑን ገልጿል። በአንድ ብርጭቆ 3 ማንኪያ ጨምሮ በቀን 4 ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው 12 ማንኪያ ወሰደ ማለት ነው። በተለይ በረመዷን ከኢፍጣር በኋላ ብርጭቆው ሲደጋገም ይህን ሒሳብ ማስታወስ ይጠቅማል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓቱ ነው። ቀይ ሻይ በውስጡ ያለው ታኒን ከጤፍ፣ ከማሽላና ከጥራጥሬ የምናገኘውን የብረት ማዕድን ሰውነታችን እንዳይወስደው ያግዳል። ብረት ሲጎድል ደም ማነስ ይከተላል። በቆላ ደግሞ ወባ ራሷ ደምን ትጨርሳለች። ስለዚህ ልጃገረዶች፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ሻይን ከምግብ ጋር ከመጠጣት ይልቅ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢያቆዩት ይመረጣል። ምግቡ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ደግሞ በተቃራኒው ብረቱን ለሰውነት ያቀርበዋል።

ለሕፃናት

ለአራስ ልጅ የአብሽ ውሃ፣ የጤና አዳም ውሃ፣ የስኳር ውሃ መስጠት በብዙ ቦታ የቆየ ልማድ ነው። የሚሰጡትም ልጁን ከመውደድ የተነሣ ነው። ሆኖም እስከ 6 ወር ድረስ ለሕፃኑ የእናቱ ጡት ብቻ በቂ ነው፤ ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። የሚጨመረው ነገር ሆዱን ሞልቶ ወተቱን ያስተወዋል፤ ተቅማጥም ሊያመጣበት ይችላል። ማርም፣ በሱረቱ ነሕል ቁጥር 69 ለሰዎች መድኃኒትነቱ የተነገረለት ታላቅ ጸጋ ቢሆንም፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ ለሕፃን አንጀት ከባድ የሆነ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላልና። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘውም የሚተካው ፈሳሽ ሻይ ሳይሆን በጤና ኬላ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. የተባለው ዱቄት ነው።

ምች ነው ወይስ ወባ?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንግባ። በሮቢትም ሆነ በሌላው የራያ ቆላ በማንኛውም ቤት ሊሰማ የሚችል ንግግር እንውሰድ።

«እማ፣ ልጁ ከትናንት ጀምሮ ይግላል። ራሱንም ያመዋል።»

«ፀሐይ ላይ ውሎ ምች መቶት ነው። ዳማ ከሴ ጨምቂለት፤ በሻይም አጠጪው፤ ነገ ይነሣል ኢንሻ አላህ።»

አያቲቱ የተናገረችው ከእናቷ የተማረችውን ነው፤ ዳማ ከሴም ባዶ ቅጠል አይደለም። በአገራችን ተመራማሪዎች በእንስሳት ላይ በተደረገ ጥናት ትኩሳትን የመቀነስ ኃይል አሳይቷል። ጭንቁ ያለው እዚሁ ላይ ነው። ትኩሳቱ ለጊዜው ቀዝቀዝ ይላል፤ ልጁ ተነሥቶ ይጫወታል፤ እናትም «ተመስገን፣ ምች ነበር» ብላ ትተኛለች። ትኩሳቱ ግን የበሽታው ጭስ እንጂ እሳቱ አልነበረም። ወባ ከሆነ ተውሳኩ በደሙ ውስጥ መባዛቱን ይቀጥላል።

ወባ በአገራችን በአብዛኛው የሚሠራጨው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች በሆኑ ቦታዎች ነው። የቆቦና የሮቢት ሜዳ ከዚህ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዋናው ወቅቷ ሲሆን፣ ከበልግ ዝናብ በኋላም ትመለሳለች። ውሃ ባቆረበት ጉድጓድና በአግባቡ ባልተያዘ የመስኖ ቦይ አጠገብ ደግሞ የወባ ትንኝ ትራባለች። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ሕክምና ካልተደረገለት በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ከባድ ሕመምና ወደ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ለምች ተብሎ የሚጠበቁት ሁለትና ሦስት ቀናት ለፋልሲፓረም በቂ ናቸው ማለት ነው።

ይህ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። በቅርቡም እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1157 ሞት በኢትዮጵያ መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ጊዜ በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ሲዘረፉና ሲወድሙ፣ ሕዝቡ ከጓሮ ቅጠል በቀር ምርጫ ያጣበትን ወቅት የአካባቢው ሰው ያስታውሰዋል። በችግር ቀን ቅጠል መያዝ የሚያስወቅስ አይደለም። መመርመሪያ እያለ ግን በቅጠል ብቻ መጠበቅ ሌላ ነገር ነው።

ከቅጠል የተገኘ መድኃኒት፣ ቅጠል ያልሆነ መድኃኒት

«መድኃኒቱስ ራሱ ከቅጠል አይደለም ወይ?» የሚል ወጣት አይጠፋም። ጥያቄው ጥሩ ነው። ዛሬ ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም መሠረቱ አርቴሚሲያ አኑዋ ከምትባል፣ የእኛ አሪቲና ጭቁኝ ዘመድ ከሆነች ተክል ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ከ4ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ የቻይና የሕክምና መጽሐፍ ስታነብ፣ ቅጠሉ በውሃ ተዘፍዝፎ ይጨመቅ እንጂ ይፈላ አለመባሉን አስተዋለች። ሙቀት ኃይሉን ያጠፋው ይሆን ብላ በዝቅተኛ ሙቀት ብታወጣው ተሳካላት፤ እ.ኤ.አ. በ1972 አርቴሚሲኒን ተለይቶ ወጣ። በ2015ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣት።

እንግዲህ ወባን የሚገድለው ቅጠል ራሱ እንኳ በበራድ ሲፈላ መጠኑ አይታወቅም፤ አንዱ ቅጠል ብዙ፣ ሌላው ጥቂት ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅትም የአርቴሚሲያ ሻይ ለወባ ሕክምናም ሆነ መከላከያ እንዲውል አይመክርም። ጥቂት መድኃኒት ተውሳኩን ሳይገድል ስለሚያለማምደው፣ ጉዳቱ ከጠጪው አልፎ ለጎረቤቱ ይተርፋል። በኤርትራ፣ በሩዋንዳና በዩጋንዳ ተውሳኩ አርቴሚሲኒንን በከፊል መቋቋም መጀመሩ ተረጋግጧል። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለፋልሲፓረም የምትተማመንበት መድኃኒት ኃይሉን እንዳያጣ እያንዳንዱ ቤት ድርሻ አለበት።

ስለዚህ በቆላ የሚኖር ቤተሰብ ሕግ አጭር ነው። ትኩሳት ሲመጣ በዚያው ቀን ምርመራ። በጤና ኬላ ጣት ተወግቶ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ በ15 እና በ20 ደቂቃ መካከል ውጤቱን ያሳያል። ወባ ከሆነ የታዘዘውን መድኃኒት ሳያቋርጡ መጨረስ ነው። ልጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ጡት ወይም ውሃ እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ከፈዘዘ ወይም አተነፋፈሱ ከከበደው ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዞ መሮጥ ነው። ማታ ማታ አጎበር ውስጥ መተኛትም አይዘንጋ።

ሻዩስ? ሻዩም ቦታ አለው። ልጁ ተመርምሮ መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ለብ ያለ የዝንጅብል ሻይ ቢጠጣ ጉሮሮው ይርሳል፤ ፈሳሽ ያገኛል። አያቱም አጠገቡ ቁጭ ብላ ዱዓ ታደርግለታለች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትኩሳትን በውሃ ማብረድን መምከራቸው በሐዲሥ የተዘገበ ስለሆነ፣ ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ግንባሩን ማበስም ይቻላል።

ሰበቡን ማድረስ

ኢስላም መታከምን ያዘዘ ሃይማኖት ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ፈውሱን ሳያወርድ በሽታን እንዳላወረደ በቡኻሪ የተዘገበው ሐዲሥ ሙስሊም ሐኪሞችን ለዘመናት ወደ ምርምር ገፋፍቷል። ኢብን ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) በሕክምና መጽሐፉ፣ የአንደሉሱ ተወላጅ ኢብኑል በይጧርም (በ1248 እ.ኤ.አ. ደማስቆ ላይ ያረፈው) ወደ 1400 የሚደርሱ ዕፀዋት፣ ምግቦችና መድኃኒቶችን በመዘገበበት ሥራው ዝነኞች ናቸው። እነዚህ ሰዎች የቅጠሉን ጥቅም ብቻ ሳይሆን ጉዳቱንና መጠኑንም ጽፈዋል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ጥቅሙን ይዘን መጠኑን እንረሳለን።

ሌላም ሐዲሥ አለ። በአቡ ዳዉድና በሌሎችም እንደተዘገበው፣ በሕክምና ሳይታወቅ ሌላውን የሚያክም ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። «ይህን ጠጪ፤ ክኒኑን ተይው» ብሎ ለጎረቤት ከመምከር በፊት ይህን ማስታወስ ያሻል። «ይህን ጠጪ፤ ነገር ግን ዛሬውኑ ተመርመሪ» ማለት ምክሩንም ያሟላዋል፤ ከተጠያቂነትም ያድናል።

ውድ ወጣቶች፣ ቤት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ ለመሮጥ ጉልበት ያላችሁ እናንተ ናችሁ። እናታችሁ ዳማ ከሴውን ስትጨምቅ አትቆጧት፤ ዕውቀቷን አታናንቁ። «እማ፣ ቅጠሉ ይደርሳል፤ አስቀድሜ ላስመርምረው» በሏትና ታናሻችሁን አዝላችሁ ውጡ። ስትመለሱ በራዱ ተጥዶ ይጠብቃችኋል።

አላህ ለሕሙማን ሁሉ ምሕረቱን ያውርድልን። ልጆቻችንን ጠብቆ ያሳድግልን። አሚን።